የጀሪፍ ጡብና የጨው ታሪክ

ዓባይ የኢትዮጵያን ደጋ ገምሶ፥ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ፥ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው ጀሪፍ ከሚባል ስፍራ ይደርሳል። ጀሪፍ በወንዙ ግራና ቀኝ የተቀመጠ የካርቱም ሰፈር ነው። በካርቱም በኩል ያለው የምዕራብ ጀሪፍ፥ ማዶ ያለው የምሥራቅ ጀሪፍ ይባላል። ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች በብዛት የኖሩበት ሰፈር ስለ ሆነ ስሙ በኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የካርቱም ሰዎች ግን ጀሪፍን አስቀድመው ያወቁት በጡቡ ነው። በወንዙ ዳር በተርታ የቆሙት የጡብ እቶኖች ለከተማው ቤትና አጥር የሚሆነውን ቀይ ጡብ ሲያቀርቡ ኖረዋል።

ጡቡ የሚመታበት ጭቃ በሱዳን የተወለደ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ ውሃውን የሚያደፈርሰው ከጎጃም፥ ከቤጌምድር፥ ከወሎ፥ ከሸዋና ከወለጋ ተዳፋት ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። ዓባይ ከኢትዮጵያ ወሰን ሲወጣ በያመቱ ይሸከመው የነበረው ደለል ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ሊቃውንት ገምተዋል። ጎርፉ ሲጎድል በዳርቻው የቀረውን ደለል ሠራተኞች ይቆፍሩታል፤ ከከብት ፍግ ጋር ያቦኩታል፤ በእንጨት ቅርጽ እየመቱ ለፀሐይ ያሰጡታል። ሲደርቅም ይከምሩትና ከሥሩ ለእሳት መግቢያ ትተው በማገዶ ቀንና ሌሊት ያነዱበታል። ይህን ክምር በአገሩ ቋንቋ ከሚና ይሉታል።

በዚህ የወንዝ ዳር ጡብ መተኮስ አዲስ ነገር አይደለም። ከጀሪፍ በላይ፥ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችው ሶባ ፍርስራሽ ይገኛል። የሶባ አብያተ ክርስቲያናት በተተኮሰ ቀይ ጡብ የታነጹ ነበሩ። ግብጾች በ1821* ዓ.ም. ሱዳንን ይዘው ካርቱምን መቈርቈር ከጀመሩ በኋላ ግን የሶባ ጡብ እየተነቀለ በጀልባ ወደ አዲሱ ከተማ ተወሰደ፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የነበረው ለሹማምንት ቤት መሥሪያ ሆነ። (*በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፒተር ሺኒ የተባለው የቅርስ ተመራማሪ በ1950 ዓ.ም. ሶባን መቆፈር ሲጀምር ከፍርስራሹ ብዙው አስቀድሞ ተጭኖ ሄዶ ነበር። ጡቡ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ሥራ መብቃቱ መታሰብ አለበት። በፀሐይ ብቻ የደረቀ ጭቃ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ክረምት ወደ መጣበት ይመለስ ነበር። በእሳት የተተኮሰው ያልተመለሰው ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ የኬሚስትሪን ትምህርት ከመጀመሪያው መጠየቅ ነው።

በትምህርት ቤት መጻሕፍት የኬሚካዊ ለውጥ ዓይነቶች በተርታ ይጻፋሉ፤ መዋሐድ፥ መፍረስ፥ መተካት፥ መለዋወጥ፥ መቃጠል። (አንዳንዱ መጽሐፍ መቃጠልን ከመዋሐድ ጋር ይደምርና አራት ናቸው ይላል።) ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል፤ ለፈተናም ይጽፈዋል። የጀሪፍ እቶን ግን እነዚህን ነገሮች በተርታ አይሠራቸውም። መጀመሪያ ማገዶውና በጭቃው ውስጥ ያለው ፍግ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ይቃጠላሉ፤ ከዚያም ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ይወጣሉ። ፍጉ በጡቡ ውስጥ ሆኖ ስለሚነድ ሙቀቱ ወደ መካከል ይገባል፤ ተቃጥሎ ሲያልቅም ጥቃቅን ባዶ ስፍራዎችን ትቶ ጡቡን ያቀለዋል። ሙቀቱ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ የሸክላው አፈር ራሱ መፍረስ ይጀምራል። በማዕድኑ አካል ውስጥ ታስሮ የነበረው ውሃ ይለቃል፤ ይህም በመቶ ዲግሪ ከሚተንነው የጭቃ ውሃ ጋር አንድ አይደለም። እርጥበቱን ያጣ ጭቃ ውሃ ቢያገኝ ዳግመኛ ጭቃ ይሆናል፤ ይህን ሁለተኛውን ውሃ ያጣና በከፍተኛ ሙቀት እርስ በርሱ የተጣበቀ ሸክላ ግን ጭቃ ወደ መሆን አይመለስም። የሶባን ጡብ ያኖረው ይህ ነው።

የጡቡ ቀይነት የብረት ሥራ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ጥቁር ድንጋይ የተፈጨው አፈር ብረት አለበት። በእቶኑ አየር እንደ ልብ ሲዘዋወር የብረቱ አቶም ሦስት ኤሌክትሮኖችን ለኦክስጅን ሰጥቶ ይቀራል፤ ሁለት ብረትና ሦስት ኦክስጅን ያሉበት ቀይ ኦክሳይድም ይሆናል። አየር ያጠረው ጡብ ከመካከሉ ጠቁሮ ወይም ግራጫ ሆኖ መውጣቱ በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የጡብ ሠሪው ዓይን ቀለሙን አይቶ እሳቱ አየር ማግኘቱን ሲፈርድ፥ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን የኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል እያነበበ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የኖራ ድንጋይ ጉዳይ ነው። በጭቃው ውስጥ የኖራ ጠጠር ተደብቆ ከገባ፥ 800 ዲግሪን ባለፈ ሙቀት ካልሲየም ካርቦኔቱ ፈርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ካልሲየም ኦክሳይዱ፥ ማለት ያልበረደው ኖራ፥ በጡቡ ውስጥ ይቀራል። ጡቡ ከእቶን ሲወጣ ደህና ይመስላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል፤ ሲለወጥም ያብጣል፤ ጡቡንም ከውስጥ ሰንጥቆ ይሸርፈዋል። ይኸው ለጡብ ጠላት የሆነው ነገር ለግንበኛ ወዳጅ ነው። በውሃ የበረደው ኖራ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቀስ በቀስ ይወስድና እንደ ገና ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። የጎንደርን ግንቦች ያያዛቸው ኖራ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ ድንጋይ ነበረ፥ በእሳት ፈረሰ፥ በውሃ ተዋሐደ፥ በአየር ተመልሶ ድንጋይ ሆነ።

እንዲህ ያለው መሄድና መመለስ ለሊቃውንት ለረጅም ዘመን እንቆቅልሽ ነበረ፤ የተፈታበትም ስፍራ ይኸው የዓባይ አገር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ኬሚስቶች በንጥረ ነገሮች መካከል የማይለወጥ የመፈላለግ ደረጃ አለ ብለው ያምኑ ነበር። ስዊድናዊው በርግማን በ1775 ዓ.ም. ትልልቅ ሠንጠረዦች አዘጋጅቶ የትኛው የትኛውን እንደሚያስለቅቅ አሳየ። በዚህ ትምህርት መሠረት ሶዲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ክሎራይድ በውሃ ውስጥ ቢገናኙ ባልንጀራ ይለዋወጣሉ፤ የኖራ ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፥ የገበታ ጨው በውሃው ይቀራል። ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ ወደ ኋላም አይመለስም ይባል ነበር።

በ1798 ዓ.ም. ናፖሊዮን ወደ ግብጽ ሲዘምት ከሊቃውንቱ መካከል ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ይገኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከጄኔራል አንድሬኦሲ ጋር ከዓባይ አፍ በስተ ምዕራብ ወዳለው የናትሮን ሸለቆ ሄደ። ይህ ሸለቆ ለኢትዮጵያውያን በሌላ ስም የታወቀ ነው፤ አባ መቃርስና ደቀ መዛሙርቱ የኖሩበት፥ ስንክሳሩ ገዳመ አስቄጥስ የሚለው በረሃ ነውና። ቤርቶሌ በሐይቆቹ ዳር ያገኘው ነገር የበርግማንን ሠንጠረዥ የሚቃረን ነበር። ሐይቆቹ የገበታ ጨው ሞልቶባቸዋል፤ ዙሪያቸው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በዳርቻቸው ግን ሶዲየም ካርቦኔት፥ ማለት ናትሮን፥ እንደ ቅርፊት ተጋግሮ ይታያል። በላቦራቶሪ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል የተባለው ለውጥ እዚህ ወደ ሌላው ወገን ሄዷል።

ቤርቶሌ ይህን እንደ ተአምር አልቆጠረውም፤ የነገሮቹን ብዛት ተመለከተ። ጨውና የኖራ ድንጋይ እጅግ በበዙበት፥ ናትሮኑም እየደረቀና እየተገፈፈ ከውሃው በሚወጣበት ስፍራ፥ ለውጡ ወደዚያው ይገፋል። ስለዚህ የለውጥን መንገድ የሚወስነው የነገሮቹ ፍላጎት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳቸው መጠንም ነው አለ። ይህን ሐሳብ በካይሮ ለተቋቋመው የግብጽ ኢንስቲቱት በ1799 ዓ.ም. አቀረበው፤ በ1803 ዓ.ም. በታተመው ታላቅ መጽሐፉም አስፋፋው። የመጠኑን ሕግ በቁጥር ያስቀመጡት ኖርዌያውያኑ ጉልድበርግና ቮጌ በ1864 ዓ.ም. ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍት የመለዋወጥ ለውጥ በአንድ ቀስት ተጽፎ ሲታይ የአስቄጥስን ሐይቆች ማስታወስ ይገባል፤ ቀስቱ አንድ ወገን ብቻ የሚያመለክተው ዝቃጩ ወይም ጋዙ ከመድረኩ ስለሚወጣ ነው።

ነገር ግን በቤርቶሌ ዘመን ጨው ከምን እንደ ተሠራ ገና የሚያውቅ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በጥቅምት 1807 ዓ.ም. የቀለጠ ፖታሽ ላይ ኤሌክትሪክ ለቆ ፖታሲየምን ለየ፤ ወዲያውም ሶዲየምን አስከተለ። ፖታሲየሙን በውሃ ላይ ሲጥለው እየተሯሯጠ ነደደ፤ ሃይድሮጅንን ከውሃው አስለቅቆ በስፍራው ገብቷልና። መምህራን ለመተካት ለውጥ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አያገኙም፥ ቢያገኙም ለተማሪ ዓይን ይህን ያህል አይረሳም። የዴቪ ረዳት የነበረው ማይክል ፋራዴይ በ1834 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ኀይል ወዲያና ወዲህ የሚጓዙትን ክፍልፋዮች አዮን ብሎ ሰየማቸው። ቃሉ በግሪክ ሂያጅ ማለት ነው። ፋራዴይ ግን አዮኖቹ የሚወለዱት ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

ወጣቱ ስዊድናዊ ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 ዓ.ም. ለኡፕሳላ ዩኒቨርስቲ ባቀረበው የዶክትርነት ጽሑፍ መሠረቱን የጣለለትና በ1887 ዓ.ም. አጥርቶ ያወጣው ሐሳብ ይህን ገለበጠው። ጨው በውሃ ሲሟሟ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ራሱ ወደ አዮኖች ይለያያል አለ። መምህራኑ አላመኑትም፤ ጽሑፉ ዝቅተኛ ማዕርግ ተሰጠው። በውሃ ውስጥ የሚነድደው ሶዲየምና የሚመርዘው ክሎሪን በወጥ ውስጥ ተለያይተው እንዴት በሰላም ይኖራሉ የሚለው ጥያቄ ለነርሱ ከባድ ነበር። የሶዲየም አቶምና የሶዲየም አዮን አንድ አለመሆናቸውን፥ በመካከላቸው የአንድ ኤሌክትሮን ልዩነት መኖሩን ገና አላወቁምና ሊፈረድባቸው አይገባም። ይኸው ጥያቄ ዛሬም ከተማሪ አፍ ይወጣል፤ መምህሩም ቢቈጣው የኡፕሳላን ሊቃውንት መቈጣቱ ነው። አሬኒየስ በ1903 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

በዚያው በ1903 ዓ.ም. በካርቱም አንድ ላቦራቶሪ ሥራ ጀመረ። ኪችነር በ1898 ዓ.ም. ኦምዱርማንን ከያዘ በኋላ በጎርደን ስም ኮሌጅ እንዲሠራ ገንዘብ አሰብስቦ ነበር፤ ኮሌጁ በ1902 ዓ.ም. ተከፈተ። ሄንሪ ዌልካም የተባለው ባለ መድኃኒት ፋብሪካ ለዚህ ኮሌጅ የላቦራቶሪ ዕቃ በስጦታ ሰጠ። የመጀመሪያው ሹም ሐኪሙ አንድሩ ባልፎር ሲሆን በኬሚስትሪው ክፍል ዊልያም ቢም የተባለ አሜሪካዊ ተቀጠረ። በወንዙ ላይ የሚንሳፈፍ ላቦራቶሪም ተሠርቶ ሊቃውንቱ በጀልባ እየሄዱ ይመረምሩ ነበር። ቢም ስለ ዓባይ ውሆች ኬሚካዊ ይዘት የጻፈው በ1906 ዓ.ም. በወጣው የላቦራቶሪው ሁለተኛ ሪፖርት ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ወንዞች በካርቱም ሲገናኙ የሚለያዩት በቀለም ብቻ አይደለም፤ ነጩ ዓባይ ሶዲየም ይበዛበታል፥ ከኢትዮጵያ የሚወርደው ግን ካልሲየም የሚያመዝንበት ነው። ለተመልካች ሁለቱም ውሃ ናቸው፤ በመስኖ ለሚያርስ ግን ልዩነቱ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ለምን ቢባል በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው የጀዚራ ሜዳ፥ ዓባይ በብዙ ሺህ ዓመታት ያነጠፈው ጥቁር ሸክላ ስለ ሆነ ነው። እንግሊዞች በዚያ ጥጥ ለማልማት አስበው የሴናርን ግድብ በ1925 ዓ.ም. ፈጸሙ። ያን ጊዜ የሚያስፈራው ነገር መሬቱ በጨው እንዳይበላሽ ነበር። የሸክላ ቅንጣት አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስላለው በገጹ ላይ አወንታዊ አዮኖችን ይዞ ይኖራል። የያዘው ካልሲየም ከሆነ ቅንጣቶቹ ተሰብስበው አፈሩ ይፈረፈራል፥ ውሃም ይሰርጋል። የያዘው ሶዲየም ከበዛ ግን ቅንጣቶቹ ይበታተናሉ፥ አፈሩ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይዘጋል፥ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። እንግሊዛዊው ቶማስ ዌይ በ1850 ዓ.ም. አፈር አዮን እንደሚለዋወጥ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ በሱዳን ግን ነገሩ የላቦራቶሪ ጨዋታ ሳይሆን የአንድ አገር ርሻ ጉዳይ ሆነ። የመንግሥቱ ኬሚስት ጆሴፍ ስለ ሱዳን ጨዋማ አፈር ያደረገውን ምርመራ በ1925 ዓ.ም. አሳተመ። ከርሱም በኋላ ኸርበርት ግሪን በጀዚራ አፈር ላይ ደከመ። መድኃኒቱ ጀሶ ነው። የጀሶው ካልሲየም በሸክላው ላይ የሶዲየምን ስፍራ ይይዛል፤ የተለቀቀው ሶዲየም ከሰልፌት ጋር ሆኖ በውሃ ታጥቦ ይወርዳል። ይህ የመለዋወጥ ለውጥ ነው፤ በብርሌ ውስጥ ሳይሆን በማሳ ላይ የሚደረግ።

ያ የታጠበ ሰልፌት በሌላ ቦታ ደግሞ ይታያል። ጨዋማ ርጥበት ከመሠረት ወደ ላይ በሚወጣበት የጡብ ግድግዳ ላይ በበጋ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ይወጣል። ውሃው አዮኖቹን ይዞ በጡቡ ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ውሃው ሲተን አዮኖቹ እንደ ገና ተሰብስበው ጨው ይሆናሉ፤ ጨውም ሲያድግ የጡቡን ገጽ ይልጣል። ሰዎች ይጠርጉታል፥ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ጨው የመጨረሻው ትልቅ ክርክር የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1913 ዓ.ም. ብራግ አባትና ልጅ በኤክስ ጨረር የጨውን ቅንጣት ሲመረምሩ አንድ ሶዲየም ከአንድ ክሎሪን ጋር ተጣምሮ የሚቆምበት ጥንድ አላገኙም። እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን፥ እያንዳንዱ ክሎሪንም በስድስት ሶዲየም ተከቦ በተርታ ይቆማል። በ1916 ዓ.ም. ቫልተር ኮሰል የኤሌክትሮንን መተላለፍ አስረድቶ ነገሩን አጸናው። ሆኖም ሽማግሌው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1927 ዓ.ም. እንኳ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ጨውን እንደ ሰንጠረዥ ጨዋታ ገበታ አደረጉት ብሎ በብርቱ ተሳለቀ፤ ጥንድ የሌለው ጨው ለርሱ ከአእምሮ ውጪ ነበር።

የአርምስትሮንግ ስሕተት ከትምህርት ቤት አልወጣም። መምህሩ በሰሌዳ ላይ አንድ ሶዲየምና አንድ ክሎሪን ሥሎ በመካከላቸው ቀስት ሲያደርግ፥ ተማሪው ጨው ማለት እንደነዚህ ያሉ ባልና ሚስት ስብስብ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ጨው በውሃ ለምን እንደሚለያይ፥ ለማቅለጥም ለምን 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት እንደሚያስፈልግ ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚሻለው ምሳሌ ከአፋር በረሃ ተጠርቦ እስከ ሩቅ ገበያ በገንዘብነት ይዞር የነበረው አሞሌ ነው። አሞሌ ቢሸረፍ ሽራፊው ጨው ነው፤ ሽራፊው ቢደቅ ድቃቂው ጨው ነው፤ ለብቻው የቆመ ጥንድ ግን የትም አይገኝበትም። የውህዱ ምልክት የሚናገረው የቁጥሩን ልክ ብቻ ነው፤ አንድ ለአንድ መሆኑን።

የጀሪፍ ነገር ግን ባለበት አልቆየም። የሮሴሬስ ግድብ በ1966 ዓ.ም. ካለቀ ወዲህ ከደለሉ ጥቂቱ በዚያ ይቀር ጀመር። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሐምሌ 2020 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀምሮ በመስከረም 2025 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከዚያ በላይ ካለው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር አብዛኛው በጉባ ሐይቅ ውስጥ የሚዘቅጥ ሆነ። በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተሰደዱ፤ ከነርሱም ኢትዮጵያውያኑ በገዳሪፍና በመተማ በኩል፥ አፈሩ በመጣበት አቅጣጫ ወደ ላይ ተመለሱ። ቀድሞ ወርዶ የተተኮሰው የደጋ አፈር ግን በካርቱም ግድግዳዎች ውስጥ ቀይ ሆኖ ቀርቷል፤ ብረቱ ሦስት ሦስት ኤሌክትሮኑን እንደ ሰጠ።